ድመቶቹን ከጋሽ ሰብስቤ ስጠብቅ

ኑ እስቲ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። አንቺም ሊዲ ስልኩን አስቀምጪውና እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ፤ ፀሐዩ እስኪበርድ የትም አትሄዱም። ስለ ጋሽ ሰብስቤ ነግሬአችሁ አላውቅም አይደል? እንግዲያውስ ዛሬ ስሙኝ። ብዙ አልተማርኩም፣ አሳምሬ መተረክም አላውቅበትም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። አሁን ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ሊፍት ያለው ሆቴል ቆሞበታል። ያኔ ግን ቤቶቹ ጭቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተሳሳሙ ይንጫጩ ነበር። እኔና እናቴ ኮከብ በአንዱ ክፍል፣ ጓደኛዬ ሑስናና እናቷ በሚቀጥለው እንኖራለን። የሑስና እናት ጣቢያው በር ላይ ብርቱካን ትሸጣለች። ከግቢው ጥግ፣ ከቧንቧው አጠገብ ያለችው ቤት ደግሞ የጋሽ ሰብስቤ ናት። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነበሩ።

ጋሽ ሰብስቤ ጸጉር አስተካካይ ነበሩ። እሳቸው ሳይላጩት ሙሽራ ከቤት አይወጣም ይባል ነበር። በኋላ ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ፣ ከዚያ ምላጩን ሲያነሡ ሁሉ። የመጨረሻው ደንበኛ ጺሙ በግማሽ ተላጭቶ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ፣ «ጋሼ፣ ግማሹ ይበቃኛል!» ብሎ ፎጣውን ከአንገቱ ሳያወልቅ ሮጠ ይባላል። ይህን ያወራ ሁሉ ይስቃል፤ ጋሽ ሰብስቤም አብረው ይስቃሉ። በማግስቱ ግን ሱቃቸውን ዘጉ። መስታወታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቤት አስገቡና ቧንቧው አጠገብ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ችግኝ ማፍላት ጀመሩ።

ታዲያ እኔና ሑስና እጃቸው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ እናውቅ ነበር። ድመት የገደለ ሰው እስኪሞት ድረስ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያልሰማ የናዝሬት ልጅ አልነበረም።

«ስንት ቢገድሉ ነው እንዲህ የሆኑት?» አልኳት አንድ ቀን ሑስናን።

ሑስና በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ስለዚህ የማታውቀው ነገር የለም። አንገቷን ሰበር አድርጋ አሰበች። «አንድ ድመት ከሆነ ጣት ብቻ ነው። የእሳቸው ግን እስከ ክርናቸው ነው። አንቺው ገምቺው።»

ገመትኩት። ራቴን መብላት አቃተኝ።

አሁን ሐኪሞች ስም አውጥተውለታል፤ ፓርኪንሰን ይሉታል። የነርቭ ሕመም ነው እንጂ ከድመት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። እኛ ግን ይህን ከማን እንስማው? ደግሞም ማስረጃ ነበረን። ጋሽ ሰብስቤ ቀኑን ሙሉ ድመት ሲያባርሩ ነው የሚውሉት።

የእኛን አገር አፈር ታውቁታላችሁ፤ አሸዋማ ነው፣ በእጅ ሲዘግኑት ያፈተልካል። እሳቸው ያንኑ በወንፊት ነፍተው፣ ከበሰበሰ ፍግ ጋር አዋሕደው፣ እንደ ዱቄት አልሰልሰው በሦስት መደብ ያሰናዱታል፤ አንዱ የጎመን፣ አንዱ የቲማቲም፣ አንዱ የቃሪያ። ድመት ደግሞ ይሉኝታ ያላት ፍጡር ናት፤ ተጸዳድታ አፈር ሳታለብስ አትሄድም። እንዲህ ያለ አፈር ካገኘች ምን ትጠብቃለች? ማለዳ ማለዳ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ያንን መደብ መጸዳጃ አድርጎት ነው የሚያድረው። የተዘራው ይጫራል፣ የበቀለው ይገለበጣል። ጋሽ ሰብስቤ በር ላይ ብቅ ብለው፣ ያቺን የምትንቀጠቀጥ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ «አሁን ይሄ ሁሉ የናዝሬት ሜዳ ጠቧችሁ ነው?» ይላሉ። እኔ በመስኮት ሆኜ ያቺን እጅ አያለሁ። እጃቸው የምትዝት ይመስለኝ ነበር።

ልጃቸው ይትባረክ ቢሾፍቱ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። እሑድ እሑድ ይመጣል። አንድ እሑድ ቧንቧው ጋ ጀሪካን እየሞላሁ ሳለ በሩ ገርበብ ብሎ ድምፃቸውን ሰማሁት።

«እንግዲህ ተነጋግረናል አባባ» ይላል ይትባረክ። «የአሁኑ ችግኝ ካልሆነ ይሄዳሉ።»

«እሺ ብያለሁ እኮ። ቃሌ ቃል ነው።» ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። «ድመቶቹ ጉድ ከሠሩኝ ትወስደኛለህ፤ አለቀ።»

ጀሪካኑ ሞልቶ እግሬ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ አልተሰማኝም። ጥዬው ወደ ሑስና በረርኩ።

«ሊወስዷቸው ነው! በድመቶቹ ምክንያት!»

«ፖሊስ ነዋ» አለች ሑስና፣ ብርቱካን እየላጠች።

«ይትባረክ ነው ያለው።»

«ይትባረክ አባቱን እንዲያቀርብ ታዞ ይሆናላ።»

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ልጆች ከወለድኩ በኋላ። ይትባረክ አባቱ ሻይ በእጃቸው ላይ ደፍተው ተቃጥለው ያገኛቸዋል። «አንድ ቀን ወድቀው ቢያድሩ ማን ያያቸዋል?» ብሎ ወደ ቤቱ ሊወስዳቸው ይለምናል። ለእሳቸው ደግሞ ያ ግቢ የተዳሩበት፣ ልጅ ያሳደጉበት፣ ሚስታቸውን የሸኙበት ነው። ከዚያ ወጥቶ የልጅ ቤት ጥግ ላይ መቀመጥ በቁም መሞት ሆነባቸው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ የዘሩት ችግኝ ሁሉ ደርሶ ከተሸጠ፣ ሠርተው መብላት ይችላሉና ይቆያሉ፤ ካልሆነ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ነገሩ ይሄው ነበር። ጋሽ ሰብስቤን ከቤታቸው የሚያስወጣቸውም የሚያስቀራቸውም የድመት ጥፍር ነበር።

እኔ ግን የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው። ድመት መደቡ ውስጥ ከገባች ጋሽ ሰብስቤ ይገድሏታል። ከገደሏት ፖሊስ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ አንዲትም ድመት መግባት የለባትም። በተለይ ሻሼ። ሻሼ ግንባሯ ላይ እንደ ሻሽ ነጭ ጣል ያለባት ግራጫ ድመት ናት። የማንም አልነበረችም፤ ማለትም የእኔ ነበረች። ያን ሰሞን ደግሞ አርግዛ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሷል።

እናም ዘበኛ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት በፊትም በኋላም መደቡ አጠገብ ባለችው አጭር አጥር ላይ እቀመጣለሁ፤ ቀጭን አርጩሜ ይዤ፣ ድመት ባየሁ ቁጥር እየዘለልኩ አባርራለሁ። «ሂጂ! ሂጂ ይገድሉሻል!» እላለሁ በሹክሹክታ።

ጋሽ ሰብስቤ ይህን ያያሉ። ምን ያስባሉ? መደባቸውን የምጠብቅላቸው ነዋ የሚመስላቸው!

«እግዜር ያሳድግሽ ልዩዬ» አሉኝ አንድ ቀን፤ ከወንጂ የመጣ ሸንኮራ ሰብረው ሰጡኝ። ሸንኮራው በእጃቸው ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ተቀበልኩና ከማኘኬ በፊት ድመት ድመት ይሸት እንደሆነ በደንብ አሸተትኩት።

«ምነው? አይጣፍጥም እንዴ?»

«ይጣፍጣል ጋሼ» አልኩና ሩጫ።

እሳቸውም ዝም ብለው አልተቀመጡም። የግራር እሾህ አምጥተው መደቡ ዙሪያ ነሰነሱ፤ ድመቶቹ በመሐሉ እንደ ሙሽራ እርምጃቸውን እየመረጡ አለፉ። አመድ በተኑ፤ ተንከባለሉበት። የሑስና እናት የብርቱካን ልጣጭ ሰጠቻቸው፤ እሱ ትንሽ ረዳ፣ ግን በፀሐዩ ደርቆ ሽታው ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሰው ሚጥሚጣ አለ።

የናዝሬትን ነፋስ ረስተውት ነው። እሳቸው ሚጥሚጣውን በትነው ቀና ከማለታቸው ከወደ ሐዲዱ ነፋስ ተነሣ፤ መደቡን ጠረገና ግቢውን ቀይ አቧራ አለበሰው። መጀመሪያ እናቴ አነጠሰች። ከዚያ የሑስና እናት። ከዚያ የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ ከነነጠላቸው ወጥተው፣ «ማነው — ሃፕሺ! — ማነው በዚህ ግቢ — ሃፕሺ! — እሳት የለቀቀብን!» አሉ። ጋሽ ሰብስቤ ዓይናቸውን ይዘው፣ «እኔ ነኝ እመቤቴ፤ ሃፕሺ! ለድመት ብዬ ነው» ይላሉ። ድመቶቹስ? ቆርቆሮው ላይ ተደርድረው፣ ጅራታቸውን እግራቸው ላይ ጠቅልለው፣ ወደ ታች ያዩናል።

ብቻ በእሾሁም በልጣጩም በእኔም ችግኙ ብቅ ብቅ አለ። ቆቃ አካባቢ የሚያርሱት አቶ ቀነዓ መጥተው አይተው፣ «ሲጠነክር ሁሉንም እወስዳለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። ጋሽ ሰብስቤ ቀን በቀን ጎንበስ ብለው ለችግኙ ያወሩለት ነበር። «በርቱ እናንተ ልጆች፤ እንዳታሳፍሩኝ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ሰው ከጎመን ጋር ምን እንደሚያወራ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ከዚያ ሻሼ ጠፋች።

ጠዋት ተነሥቼ ፈለግኋት፤ የለችም። ቆጡ ላይ የለችም፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ የለችም። ወደ ቧንቧው ስዞር ጋሽ ሰብስቤን አየኋቸው። በጉልበታቸው ተንበርክከዋል፤ የቃሪያውን መደብ ከፀሐይ የሚከልለውን ሣር በግራ እጃቸው ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ ያያሉ። ከውሃው በርሜል ጀርባ ተደበቅሁ። ከሣሩ ሥር ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ «ሚ…ው»። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

ሻሼ የቃሪያው መሐል ወልዳለች።

ጋሽ ሰብስቤ ሣሩን የበለጠ ገለጡ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠች ወረደች፤ የሻሼ ጭንቅላት ላይ ደረሰች። እዚያም ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሻሼ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንዲያው ከቦታ ሁሉ ቃሪያው ውስጥ?» አሉ ጋሽ ሰብስቤ በቀስታ። «ምን ላድርግሽ አሁን? ባነሣሽ ልጆችሽን ትጥያለሽ። ባላነሣሽ እኔ ከቤቴ መነሣቴ ነው።»

ሣሩን መልሰው አለበሷት። ቤት ገብተው፣ ጸጉር ሲያስተካክሉ ሰው አንገት ላይ የሚያስሩትን ነጭ ሻሽ አወጡና በአራት እንጨት ላይ ወጥረው ጥላ አደረጉላት። እሾሁን ሁሉ ከሁለቱ መደቦች እየጎተቱ በእሷ ዙሪያ ከመሩት፤ የድመት ግልገል የሚበላ ወንድ ድመት እንዳይመጣ ፈርተው ነው፣ አሁን ነው የገባኝ። ወተት በጣሳ ክዳን አመጡ። እጃቸው እስክትደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ የቀረውን ሻሼ ላሰችው።

ያየሁትን ሁሉ ለሑስና ነገርኳት። ሑስና ግንባሯን ቋጠረች።

«እያደለቡ ነው» አለች።

«ለምን?»

«ትንሽ ድመት ምን ዋጋ አለው? አድጎ ነው።»

ከዚያ ወዲያ እሾህ ያጡትን ሁለቱን መደቦች ከሌሎቹ ድመቶች፣ ሻሼን ደግሞ ከጋሽ ሰብስቤ መጠበቅ ነበረብኝ። ሥራው በዛ። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ሑስና ትተካኛለች፤ ሑስና ቁርኣን ስትቀራ እናቴን በመስኮት እንድታይልኝ እለምናታለሁ። እናቴ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ «እሺ አያለሁ» ትላለች። አንድ ቀን ጋሽ ሰብስቤ ውሃ ሲያጠጡ አዳልጧቸው ወደቁ። እኔ አጥሩ ላይ ሆኜ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሮጣ መጥታ አነሣቻቸው፤ ልብሳቸውን አራግፋ፣ ውሃ አጠጥታ፣ አስቀመጠቻቸው። ለይትባረክ እንዳይነገር ለመኗት። እሺ አለች።

አቶ ቀነዓ ችግኙን የሚወስዱበት ቀን ደረሰ። ይትባረክ ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ። ወዲያው አቶ ቀነዓ የአህያ ጋሪያቸውን እየነዱ በበሩ ገቡ።

«አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ሰብስቤ! እስቲ ልጆችህን አሳየኝ።»

ጎመኑን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቲማቲሙን አዩ፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ እሾሁን ገፍተው ነጩን ሻሽ ገለጡ። የቃሪያው ችግኝ እንደ ሰሌን ተነጥፏል፤ ላዩ ላይ ሻሼ ተጋድማ ልጆቿን ታጠባለች።

«ያ ረቢ! እኔ ቃሪያ ነው ያዘዝኩህ ሰብስቤ፤ ድመት አፈላህልኝ?»

ማንም አልሳቀም። ይትባረክ አባቱን አየ።

«ይሄኛው አልሆነም ማለት ነው አባባ?»

«አልሆነም።»

«ድመቶቹ?»

«ድመቶቹ።» ጋሽ ሰብስቤ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት። «ሁለቱ ሆነዋል ብዬ አልከራከርህም ልጄ። ውላችን ሁሉም ነበር። ልብሴን ልሰብስብ።» ብለው ወደ ቤቱ ዞሩ።

አንዲትም ድመት ሳትሞት ሊወስዷቸው ነው! ይህማ ግፍ ነው። ከአጥሩ ዘልዬ ይትባረክ ፊት ተገተርኩ።

«አልገደሏቸውም!» አልኩ።

«ማንን?»

«ድመቶቹን! እኔ ጠብቄያለሁ፤ አንድም አልሞተችም። የድሮዎቹን አላውቅም።»

«የትኞቹን የድሮዎች?»

«እጃቸውን ያንቀጠቀጡባቸውን።»

እናቴ አፏን በእጇ ይዛ፣ «ውይ! ውይ በሞትኩት!» አለች።

ይትባረክ ቁጭ አለና ዓይኔን አየኝ። «ቆይ፤ አንቺ አጥሩ ላይ የምትውዪው መደቡን ከድመቶቹ ለመጠበቅ አይደለም?»

«ድመቶቹን ከጋሽ ሰብስቤ ለመጠበቅ ነው!»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። ከሆዳቸው ነው የመጣው፤ በርሜሉን ደግፈው፣ ባርኔጣቸው ወድቆ፣ እንባቸው እስኪወርድ። አቶ ቀነዓ የአህያዋን አንገት አቅፈው ይንፈራፈራሉ። እናቴም መሳቋን መደበቅ አቃታት። እኔ በንዴት ጦፌ ነበር።

ይትባረክም ሳቀ፤ ግን ቶሎ አቆመ። «ቀኑን ሙሉ ታያቸዋለሽ?» አለኝ።

«ትምህርት ቤት ስሄድ ሑስና ታያቸዋለች። እሷ ሳትኖር እማዬ በመስኮት ታያለች። ሲወድቁም እኔ ነኝ ያየሁት፤ እማዬ አነሣቻቸው።»

«ሲወድቁ?»

«ልዩ!» አለች እናቴ።

ይትባረክ ወደ እናቴ ቀና ብሎ አየ፤ እናቴ መሬት መሬት አየች። አባቱን አየ። ጋሽ ሰብስቤ ባርኔጣቸውን ከመሬት ለማንሣት ጎንበስ ብለው፣ እጃቸው እምቢ ስትላቸው፣ ሑስና አንሥታ አቀበለቻቸው፤ ከዚያ ወዲያው አርባ ክንድ ሸሸች።

«ይትባረክ» አሉ አቶ ቀነዓ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ይሄን ሁሉ ዘበኛ ቢሾፍቱ ላይ ከየት ታመጣለታለህ?»

ይትባረክ ጎመኑን ነቅሎ ጋሪው ላይ ለመጫን እጅጌውን ሰበሰበ። ሲመሽ ሻንጣው እንደ አመጣጡ ባዶውን ወደ ቢሾፍቱ ተመለሰ፤ በር ላይ እናቴን ጎንበስ ብሎ ሲስማት አይቻለሁ።

በኋላ እናቴ ስትነግረኝ፣ ጋሽ ሰብስቤ የእኛን ወሬ ከመጀመሪያው ያውቁት ኖሯል። እንዲያውም እሷ ቀድማ ሰምታው ሁላችንንም ሰብስባ ልትቆጣ ስትል የከለከሏት እሳቸው ናቸው። «ተዪያቸው ኮከቤ» አሏት፤ «የዚህ ሰፈር ልጅ ድመት በድንጋይ ሲፈነክት ነበር የሚውለው። እጄን ካዩ ወዲህ አንድም የሚወረውር የለም። ትንቀጠቀጥ፤ ለአንድ ነገር ጠቀመች።» ያ ሰው፣ ማለዳ ማለዳ ድመት ሲረግም የሚነሣው ሰው!

እኔና ሑስና ግን ያኔ ይህን አናውቅም። ተቀምጠን መከርን። ሻሼ ከተማው ሁሉ እያለላት፣ እሳቸው መደብ ላይ የወለደችው ለምንድነው? ሑስና አሰበች አሰበችና፣ «ድመቶቹ ይቅር ብለዋቸዋል» አለች። «ይቅር ያላለችው ሰው ቤት ማን ይወልዳል?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃታችን ለቀቀን። ለጎረቤቱ ሁሉ ይቅር እንደተባሉ እየዞርን አበሠርን።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም ነበርና ሄጄ ጠየቅኋቸው። የቃሪያውን መደብ እንደገና አልሰልሰው ሊዘሩ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ካሉዎት ለምን መንቀጥቀጡ አልቆመም?»

አላሳቃቸውም። እጃቸውን አዩዋት፣ እኔን አዩኝ። «እኔ ነኝ ትቆይልኝ ያልኩት» አሉ። «ነይ፣ ለምን እንደሆነ ላሳይሽ።»

ከጥቅል ወረቀት ውስጥ የቃሪያ ዘር መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ፤ ጣታቸውን ገርበብ አድርገው እጃቸውን ከመደቡ በላይ ዘረጉና ዝም ብለው መራመድ ጀመሩ። እሳቸው ምንም አላደረጉም። የምትዘራው እጃቸው ራሷ ነበረች፤ በራሷ እየተንቀጠቀጠች ዘሩን እንደ ካፊያ በተነችው፤ አንዱ ቦታ ሳይበዛ፣ አንዱ ቦታ ሳይሳሳ። ከሥራቸው እየተከተልኩ አፈር አለበስኩ።

ዘሩ ሲበቅል እኩል በቀለ ልጆቼ። ጋሽ ሰብስቤ ከዚያ ግቢ ሳይወጡ ብዙ ክረምት ዘሩ፤ ያረፉትም እዚያው በራሳቸው አልጋ ላይ፣ በመስኮት እየታዩ ነው። አሁን ስማቸውን የሚያውቅ እኔና ሑስና ብቻ ሳንቀር አንቀርም። እናንተ ደግሞ ሰማችሁ። እንግዲህ አደራ፣ እኔ ሳልኖርም ጋሽ ሰብስቤ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ እጃቸውም እንዲህ አድርጋ ትዘራ ነበር ብላችሁ አስታውሱልኝ።